የብረት ማቅለጫ እቶን ጥገና ለማን ይሰጥ? አራት አማራጮች በንጽጽር

ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ ወይም አቃቂ አካባቢ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ ቢሌት (የአርማታ ብረት የሚሠራበት ጥሬ ዘንግ) የሚያወጣ ሰው ይህን ጠዋት ያውቀዋል። እቶኑ ቆሟል። የምርት ኃላፊው ስልክ ላይ ይጮኻል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያዎች ተዘርግተዋል። አንዱ ለአንድ ልባስ፣ ማለትም እቶኑን በውስጥ ለሚሸፍነው እሳት ቻይ ግድግዳ፣ ይህን ያህል ብር ይላል። ሁለተኛው ዋጋውን በቶን ያሰላል። ሦስተኛው በዶላር ነው፤ የባለሙያዎቹን የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ወጪ ለብቻው አስቀምጧል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር እየሸጡ ስለሆነ እንዲሁ ጎን ለጎን አይነጻጸሩም። ፋይናንስ ክፍሉ ግን አነስተኛውን አሃዝ ያከብበትና ወረቀቱ ይፈረማል።

ይህ መመሪያ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ለሚያነብ ሰው የተጻፈ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከማዕድን በቀጥታ ብረት የሚያወጣ ትልቅ የንፋስ እቶን ስለሌለ፣ በአብዛኛው የምናወራው ስለ ኢንዳክሽን እቶን፣ ማለትም ዙሪያውን በተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ጥቅል (ኮይል) ብረቱን ስለሚያቀልጠው እቶን ነው። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያቀልጠው የአርክ እቶን ላላቸው በመጨረሻው አካባቢ ጥቂት ነገር እላለሁ።

የሚጠገነው ምንድን ነው?

የኢንዳክሽን እቶን ልባስ በሁለት ባላንጣዎች መካከል የቆመ ስስ ግድግዳ ነው። በውስጥ በኩል 1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚንተከተክ ቅልጥ ብረት አለ፤ በውጭ በኩል ውስጡ ውኃ የሚዘዋወርበት የመዳብ ኮይል። ሁለቱን የሚለያቸው ከተፈጨ ኳርትዝና ከጥቂት ቦሪክ አሲድ ተደባልቆ በደረቁ የተጠቀጠቀ፣ ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ልባስ ብቻ ነው። ግድግዳው ከሳሳ ቅልጡ ወደ ኮይሉ ይደርሳል። ውኃው ከቅልጥ ብረት ሥር ከታፈነ ደግሞ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2001 ዌልስ ውስጥ ፖርት ታልቦት በሚገኘው ፋብሪካ ከማቀዝቀዣው ሥርዓት ያመለጠ ውኃ ወደ ቁጥር 5 የንፋስ እቶን ውስጥ ገብቶ ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። 5,000 ቶን ገደማ ይዘት ያለው እቶን ከመቀመጫው ተነሥቶ ተመልሶ ወደቀ። ያ እቶን የእኛን ብዙ መቶ እጥፍ ነው፤ የውኃውና የእሳቱ ጠብ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ "የእቶን ጥገና" የሚባለው ሥራ በእውነቱ ሦስት ሙያ ነው። የመጀመሪያው አሮጌውን ልባስ አፍርሶ አዲሱን መጠቅጠቅና ማሞቅ ነው። ሁለተኛው ኮይሉን፣ ቱቦዎቹንና የማቀዝቀዣውን ውኃ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚመግበው የኃይል ክፍሉ ነው፤ ታይሪስተሩ፣ ካፓሲተሩ፣ የመቆጣጠሪያ ካርዶቹ። አንደኛው የእጅ ጥበብ፣ ሦስተኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ይጠይቃል። ሁለቱንም እኩል የሚችል ተቋራጭ ብርቅ ነው። "ሙሉ ጥገና እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ ያለው ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሦስቱ የትኛውን በራሱ ሠራተኞች እንደሚሠራና የትኛውን ለሌላ እንደሚያስተላልፍ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ዋጋ ነው፤ ግን የልባሱ ዋጋ ሳይሆን በዚያ ልባስ የወጣው የአንድ ቶን ብረት ዋጋ። ለስሌት ያህል 10 ቶን የሚይዝ እቶን እንውሰድ። አንዱ ተቋራጭ ልባሱን በ300,000 ብር ይሠራል፤ 15 ዙር ይቆያል፤ አንድ ዙር ማለት እቶኑን አንዴ ሞልቶ ማቅለጥ ነው። ሌላው 420,000 ብር ይጠይቃል፤ 28 ዙር ይቆያል። የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው በ150 ቶን ሲካፈል ቶኑ 2,000 ብር ይመጣል፤ ሁለተኛው በ280 ቶን ሲካፈል 1,500። በዚህ ላይ በሦስት ወር 4,200 ቶን ለማውጣት የመጀመሪያው 28 ጊዜ እቶን ያስቆማል፤ ሁለተኛው 15 ጊዜ። የ13ቱ ማቆሚያዎች ኪሳራ በየትኛውም የዋጋ ማቅረቢያ ላይ አይጻፍም። አሃዞቹ የምሳሌ ናቸው፤ በእርስዎ መዝገብ ይተኳቸው። መዝገብ ከሌለዎት፣ ተቋራጭ ከመምረጥ በፊት ለሁለት ወር እያንዳንዱን ዙር መመዝገብ ይጀምሩ። ያለዚያ የሚወዳደረው ምላስ ነው።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማየው፣ የክፍያው ዓይነት ተቋራጩን ወዴት እንደሚገፋው ነው። በልባስ የሚከፈለው ሰው ልባሱ ቶሎ ቢያልቅ አይከፋውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሥራ አለው። በቶን የሚከፈለው ደግሞ የሳሳው ልባስ ሌላ ሁለት ዙር እንዲሸከም ይመኛል። በቀን አበል የሚከፈለው አይቸኩልም። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ክፍያው ነው የሚገፋው። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ የእቶኑ ተፈጥሮ ነው። የኢንዳክሽን እቶን ልባስ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ቅልጡ ለኮይሉ ስለሚቀርብ ኃይል ይበልጥ ይስባል፤ ብረቱም ቶሎ ይቀልጣል። እቶኑ ሊሞት ሲቃረብ ነው እንደ ጎረምሳ የሚፈጥነው። በዚያ ሰዓት የምርት ኃላፊው ደስ ይለዋል፤ በቶን የሚከፈለው ተቋራጭም ደስ ይለዋል። ታዲያ "ይበቃል፣ አቁሙ" የሚለው ማን ነው? የሁሉም አማራጭ ጥንካሬና ድክመት ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ይለካል።

ሦስተኛው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ሲደወል በስንት ሰዓት ሰው በር ላይ ይደርሳል የሚለው ነው። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አራተኛው ደህንነት ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። አሮጌ ልባስ በመዶሻ ሲፈርስ የሚነሣው ነጭ አቧራ የኳርትዝ ብናኝ ነው። ሳንባን ያቆስላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አፍንጫውን በሻሽ ጠቅልሎ ወደ እቶን የሚወርድ ሠራተኛ የሚያሰማራ ተቋራጭ ዋጋው ለምን እንደረከሰ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ፋብሪካው "የተቋራጩ ሰው ነው" ብሎ ዓይኑን መጨፈን የለበትም። ሁለተኛው ቅልጡ ወደ ኮይሉ መቅረቡን የሚያሳውቀው ጠቋሚ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ከእቶኑ ወለል የሚወጡት ሽቦዎች ቅልጡን ሲነኩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በየልባሱ አዲስ ሽቦ ተተክሎ መፈተሽ አለበት። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ማቅለጫ አንድ የውጭ ቡድን ልባስ ሠርቶ ሄደ፤ ጠቋሚው ለሁለት ሳምንት ጸጥ አለ። ጸጥታውን በጤና ቆጠርነው። አንድ ቀን ኤሌክትሪሺያናችን ሲፈትሽ ሽቦው ከልባሱ ሥር ተቀብሮ ከቅልጡ ጋር እንዳልተገናኘ አገኘ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዕውር ሆነን ነበር የሠራነው።

አምስተኛው ዕቃና ምንዛሪ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዶላር የተፈረመ የሁለት ዓመት የጥገና ውል የነበረው ፋብሪካ ይህን ከማንም በላይ ያስታውሰዋል።

አማራጭ አንድ፦ የራስ ቡድን

ስምንት ወይም አሥር ሰዎች፣ አንድ የልባስ አለቃ፣ አንድ ሁለት ኤሌክትሪሺያን። ጥቅሙ ቅርበት ነው። እቶኑን እንደ ቤታቸው ምድጃ ያውቁታል፤ በየትኛው ጎን ቶሎ እንደሚበላ፣ የትኛው የውኃ ቱቦ ሁልጊዜ እንደሚሞቅ በቃላቸው ነው። መብራት ሲጠፋም እዚያው ናቸው። ቅልጥ የሞላ እቶን ኃይል ቢቋረጥም ሙቀቱ ኮይሉን መቀቀሉን አያቆምም፤ በደቂቃዎች ውስጥ የናፍጣ ፓምፑ መነሣት ወይም ከፍ ብሎ የተሰቀለው ታንከር መከፈት አለበት። ይህን ሥራ ለየትኛውም ተቋራጭ መስጠት አይቻልም፤ መንገድ ላይ እያለ ነገሩ ያበቃል።

ድክመቱ "አቁሙ" የማለት ጉዳይ ነው። የልባስ አለቃው ደመወዙን የሚቀበለው ምርት ከሚገፋው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ልባሱ ሳስቷል ብሎ ሲናገር "አንተ ሁልጊዜ ትፈራለህ" ይባላል። ሌላው ድክመት ሰው መሄዱ ነው። ጥሩ የልባስ አለቃ ጎረቤት ፋብሪካ ትንሽ ደመወዝ ጨምሮ ሲጠራው ዕውቀቱን በጭንቅላቱ ይዞ ይሄዳል።

አማራጭ ሁለት፦ የእቶኑ አምራች የአገልግሎት ክፍል

ለኃይል ክፍሉ አቻ የለውም። የመቆጣጠሪያ ካርዱን ንድፍ የያዘው እሱ ነው፤ እቶኑ በዋስትና ውስጥ ሳለ ደግሞ ሌላ እጅ ካርዱን ከነካው ዋስትናው ሊቀር ይችላል። የመጀመሪያውን ተከላና ሙከራ፣ በየዓመቱም አንድ አጠቃላይ ምርመራ ለእሱ መስጠት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ለዕለት ተዕለቱ ልባስ ግን ሩቅ ነው። ቪዛ፣ ትኬት፣ የምንዛሪ ወረፋ። በዚህ ላይ ባለሙያው አንዳንዴ የሚመጣው ለባሕር ጠለል ከፍታ ከተጻፈ መመሪያ ጋር ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ወይም 94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የኮይሉ መውጫ ውኃ የማስጠንቀቂያ ልክ ሲወሰን ይህ ልዩነት መታሰብ አለበት። የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀጭኑ አየር ያነሰ ስለሚያቀዘቅዝና ያነሰ ስለሚከላከል የጭነት ልካቸው ይቀነሳል። አምራቹን ሲያነጋግሩ "ፋብሪካችን ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ስሌቱ ውስጥ ገብቷል?" ብለው ይጠይቁ። በመልሱ ውስጥ የምታገኙት ዝምታ ብዙ ይናገራል።

አማራጭ ሦስት፦ እሳት ቻይ ዕቃ አቅራቢው ራሱ ሲሠራ

በዓለም ላይ በትልልቅ ብረት ፋብሪካዎች የተለመደ አሠራር ነው። ዕቃውን የሚሸጠው ድርጅት የራሱን ሰዎች ፋብሪካው ውስጥ አስቀምጦ፣ ልባሱን ሠርቶ፣ በወጣው ቶን ይከፈለዋል። ልባሱ ቶሎ ቢያልቅ የዕቃው ኪሳራ የእሱ ስለሆነ፣ የኳርትዙን ጥራትና የአጠቃቀጡን ጥንቃቄ በራሱ ይጠብቃል። "ዕቃው መጥፎ ነበር"፣ "የለም፣ አሠራሩ ነው" የሚለው የቆየ ክርክርም ያበቃል፤ ሁለቱም የአንድ ቤት ናቸው።

ትልቁ ጉዳይ የመጀመሪያው ማሞቂያ ነው። ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቅርጹ ተለውጦ በድንገት ያብጣል። በቀስታ ካልተሞቀ ልባሱ ዓይን በማያየው ስንጥቅ ይሞላል፤ በመጨረሻም ከመደበኛው የሥራ ሙቀት ትንሽ ከፍ ብሎ ቆይቶ የውስጡ ገጽ እንደ ሸክላ መጋገር አለበት። ሌሊቱን የሚፈጅ፣ አሰልቺ፣ ግን የልባሱን ዕድሜ የሚወስን ሥራ ነው። ጠቅጥቆ ወደ ቤቱ የሚሄድ ተቋራጭ የሥራውን ግማሽ ትቶ ሄዷል። በቶን የሚከፈለው አቅራቢ ግን ያንን ሌሊት አይተኛም፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።

መጥፎው ጎን ከላይ ተነግሯል፤ ልባሱ ሲያረጅ "ሁለት ዙር ብቻ" የማለት ፈተና። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ውል ማቆሚያው በፋብሪካው እጅ እንዲሆን፣ በልኬትም እንዲወሰን ማድረግ ግዴታ ነው። ሌላው፣ አቅራቢው የቁርጥራጩን ጥራት በውሉ ያጥራል። ዝገት የበዛበት፣ አፈር የተቀላቀለበት ቁርጥራጭ የኳርትዝ ልባስን ስለሚበላ፣ "ይህ የእናንተ ጥፋት ነው" የሚልበት በር ይከፍታል። በሩ ልክ ይኑረው እንጂ ፍትሐዊ ነው።

አማራጭ አራት፦ የአገር ውስጥ ገለልተኛ ተቋራጭ

ከፋብሪካ የወጡ የቀድሞ ልባስ አለቆችና ብየዳ ሠሪዎች የሚመሠርቱት ትንሽ ድርጅት ነው። በብር ይከፈላል፤ በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ ኮይል ብየዳ ላይ አንዳንዶቹ እጃቸው የሚደነቅ ነው። ልባስ፣ የብረት ሥራ፣ የቱቦ ለውጥ፣ የቅልጥ መቅጃው ጡብ ሥራ ላይ ከውጭ ከሚመጣው ያነሰ አይሠሩም።

የሚጎድላቸው ወረቀትና አቅም ነው። ልባስ ተበስቶ ኮይል ቢቃጠል ካሣ የሚከፍል ካፒታል የላቸውም፤ ዋስትናቸው ቃላቸው ነው። የኢንሹራንስ ፖሊሲ ያለው ካገኛችሁ ከፍ ባለ ዋጋም ቢሆን አትልቀቁት። በኃይል ክፍሉ ላይ ደግሞ በግምት ካርድ እንዲነኩ አትፍቀዱ።

በአጭሩ ሲታዩ

| መመዘኛ | የራስ ቡድን | አምራቹ | ዕቃ አቅራቢው በቶን | የአገር ውስጥ ተቋራጭ |
|---|---|---|---|---|
| የመድረሻ ጊዜ | ወዲያው | ቀናት፣ ሳምንታት | ሰዎቹ ግቢ ውስጥ ካሉ ወዲያው | ሰዓታት |
| ልባስ | በአለቃው ይወሰናል | ጥሩ፣ ግን ውድ | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ከሰው ሰው ይለያያል |
| ኮይልና ውኃ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | አብዛኛውን ጊዜ አይነካም | ጥሩ |
| የኃይል ክፍል | መጠነኛ | አቻ የለውም | አይሠራም | ደካማ |
| የክፍያ ገንዘብ | ብር | የውጭ ምንዛሪ | በከፊል የውጭ ምንዛሪ | ብር |
| ክፍያው የሚገፋው ወደ | ምርት መግፋት | ቀን ማስረዘም | የሳሳ ልባስ ማቆየት | ልባስ ቶሎ መቀየር |
| ጉዳት ቢደርስ ካሣ | የለም | በውሉ ልክ | በውሉ ልክ | ብዙ ጊዜ የለም |

ለማን የትኛው?

አንድ እቶን ብቻ ላለው፣ በጀቱም ለጠበበ፦ የራስ ትንሽ ቡድን ከአገር ውስጥ ተቋራጭ ጋር። ውኃው፣ ጠቋሚው፣ የዕለት ምርመራው በራስ ሰው ይያዝ፤ የማፍረስና የመጠቅጠቅ ጉልበቱ ከውጭ ይምጣ። ለልባሱ በዙር የሚጨምር ጉርሻ ይጻፍለት፤ ከተስማማችሁበት ዝቅተኛ ዙር በታች ከወረደ ይቀነስበት። የቁርጥራጭ ዋጋ ሲንር በጀቱን ከጥገና ላይ መቀነስ የሚያምራችሁ ከሆነ፣ ቢያንስ ከጠቋሚውና ከናፍጣ ፓምፑ ላይ አትቀንሱ።

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እቶን በፈረቃ ለሚያሠራ፦ በቶን የሚከፈለው አቅራቢ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። አንዱ እቶን እያቀለጠ ሌላው ስለሚለበስ ቡድኑ ሥራ አይፈታም። ለብቻው የቆመ አንድ እቶን ላይ ግን አቅራቢው ሰዎቹን ሥራ ፈትተው ስለሚቀመጡበት ቀን ጭምር ያስከፍላል።

አዲስ ለተከለ፣ ዋስትናው ላልተፈጸመ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ከአምራቹ ጋር ይቆዩ፤ በዚያው ዓመት ግን የራስዎ ሰዎች ከጎኑ ቆመው እንዲማሩ በውል ያስገድዱ። "ሥልጠና ይሰጣል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። ስንት ልባስ በእናንተ ሰው እጅ በእነሱ ቁጥጥር እንደሚሠራ በቁጥር ይጻፍ።

የአርክ እቶን ላለው ነገሩ ይለያል። ልባሱ የማግኒዥያና የካርቦን ጡብ ነው፤ ጎኑና ጣሪያው በውኃ በሚቀዘቅዙ ሰሌዳዎች የተሠራ ነው፤ የተበላውም እቶኑ ሳይበርድ በመርጫ ይጠገናል። እዚያ ከዕቃ አቅራቢው ጋር በቶን መስማማት የመጀመሪያው ምርጫዬ ነው፤ ምክንያቱም የጡቡ ቀሪ ውፍረት በሌዘር መለኪያ ስለሚታይ "አቁሙ" የሚለው ክርክር በአሃዝ ይዘጋል። የውኃ ሰሌዳዎቹን የግፊት ሙከራ ግን ለአቅራቢው አይተዉ፤ በራስ ቡድን ወይም በሌላ ተቋራጭ ይፈተሹ።

ውሉ ውስጥ የማይቀሩ

የማቆሚያው ልክ በመጀመሪያ ይጻፍ። ልባሱ ስንት ሚሊሜትር ሲቀረው፣ ጠቋሚው ስንት ሲያነብ እቶኑ እንደሚቆም፣ ያን ጊዜም ትእዛዙን የሚሰጠው የፋብሪካው የጥገና ኃላፊ እንጂ የምርት ኃላፊው እንዳልሆነ። ተቋራጩም ትእዛዙን ሳይጠብቅ ማቆም እንደሚችል፣ በዚህም እንደማይቀጣ። የመጀመሪያው ማሞቂያ በማን ፊርማ እንደሚጠናቀቅ፣ የሙቀቱ መዝገብ ለፋብሪካው እንደሚሰጥ። የጠቋሚው ሽቦ በየልባሱ ተፈትሾ ወረቀት እንደሚሞላ።

ጊዜውንም ያስቡበት። ክረምት ሲገባ ግንባታ ስለሚቀዘቅዝ የአርማታ ብረት ፍላጎት ይወርዳል፤ ኮይል አውጥቶ ትልቅ ጥገና ማድረግ የሚቀለውም ያን ጊዜ ነው። ችግሩ ለአርክ እቶን የሚሆነው የማግኒዥያ ዕቃ እርጥበት አይወድም፤ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ይፈረከሳል። ከጅቡቲ በሸራ ብቻ ተሸፍኖ በሐምሌ ዝናብ የተጓዘ ጡብ ገና ሳይገነባ አብቅቶለታል። ስለዚህ ጥገናው ለሐምሌ ቢሆንም ዕቃው እስከ ግንቦት ግቢ መግባት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጨረታው በጥቅምት መውጣቱ አይቀርም። መጋዘኑ ጣሪያ እንዳያፈስ አስቀድመው ይፈትሹት፤ ጡቡም ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይደርደር።